ሴት ልጅና የአባቷ ቤት፦ የተረሳው ድርሻ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። በዛሬው ዝግጅታችን ሴት ልጅ ከአባቷ ንብረት ስላላት የውርስ ድርሻ እንነጋገራለን።

በጅጋም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በገጠሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። አባት ወደ አኼራ ሲሄድ ጀናዛው በክብር ይሸኛል፤ ለቀስተኛው ይስተናገዳል፤ ሰደቃም ይወጣል። ቤቱ፣ ሱቁና ከብቱ ግን በወንዶቹ ልጆች እጅ ይቀራል። ማንም «አይገባሽም» ብሎ አልፈረደም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። እህት ቆይታ ብትጠይቅ «አንቺ እኮ ባልሽ ቤት ነሽ፤ የአባትሽን ቤት ልታፈርሺ ነው?» ትባላለች። ይባስ ብሎ ይህ ልማድ የሸሪዓ ስም ሲሰጠው ይሰማል። ሸሪዓ ግን ከዚህ የጠራ ነው።

የአካባቢያችንን ታሪክ ጥቂት እንመልከት። በጎጃም የርስት ሥርዓት ዘር በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው ከርስት ባለቤትነት የተገለለ ስለነበር ኑሮውን በሽመናና በንግድ ይገፋ ነበር። ያንን ሥርዓት የሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ድርሻ ተነፍጎ የኖረ ሕዝብ የመነፈግን ምሬት ያውቀዋል። ያንኑ ምሬት ለገዛ እህቱ ማቅመስ እንዴት ይሆንለታል?

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች የሚያወርሱት መሣሪያ አንስቶ ለሚዋጋ ወንድ ነበር። ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ባለቤታቸው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። አጎታቸው ንብረቱን ጠቅልሎ እንደወሰደና ለልጆቹ ምንም እንዳላስቀረ ተናገሩ። የውርስ አንቀጽ ሲወርድ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎቱን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የተረፈውን ብቻ እንዲወስድ አዘዙ። እንግዲህ የውርስ ሕግ የመጣው እጇን ይዛ ልትመለስ ለነበረች ልጅ ነው። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 7 ሴቶች ከወላጆቻቸው ንብረት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ተደንግጓል። መጠኑ በአንቀጽ 11፣ 12 እና 176 ተዘርዝሯል።

አከፋፈሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይሸፈናል። ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል፤ ሟች ለሚስቱ ያልከፈለው መህር ካለ እርሱም ዕዳ ነው። ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ወሲያ ይፈጸማል። ሚስት በራሷ ገንዘብ ያፈራችው የራሷ ነውና ከውርሱ አይገባም። ለምሳሌ ወላጆቹ ቀድመውት የሞቱ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች፣ እንዲሁም የተጣራ 560 ሺህ ብር ትቶ ሞተ እንበል። ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 70 ሺህ ብር ትወስዳለች። ቀሪው 490 ሺህ ለሰባት ተከፍሎ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 70 ሺህ፣ እያንዳንዱ ወንድ 140 ሺህ ይደርሳቸዋል።

የወንዱ ድርሻ እጥፍ የሆነው መህር የመስጠትና ሚስትን፣ ልጆችን፣ ሲያስፈልግም ችግረኛ ዘመድን የመቀለብ ግዴታ ስላለበት ነው። የእርሷ ገንዘብ ግን ለራሷ ነው። ኃላፊነቱን ጥሎ እጥፉን ብቻ የሚይዝ ወንድም ሸሪዓን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

የመንግሥት ሕግስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 837 ጾታ በውርስ መብት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ፣ በቁጥር 842 ልጆች እኩል እንደሚካፈሉ ይደነግጋል። በምሳሌያችን ለአምስቱ ልጆች 112 ሺህ ብር ይደርሳቸዋል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደሚስተናገዱ ይገልጻል፤ በአንቀጽ 34(5) ደግሞ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ይፈቅዳል። ስለዚህ እህት ወደ ቃዲው የምትቀርበው አውቃና ፈቅዳ ነው፤ ተገዳ አይደለም። ሁለቱ ሕጎች በመጠን ይለያያሉ። ባዶ እጇን የሚሸኛት ግን አንዱም የለም። ባዶ እጇን የሚያስቀራት ልማድ ብቻ ነው።

የእርሻ መሬት ለብቻው ይታያል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፤ አወራረሱንም የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይወስነዋል። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ያሻል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ የሂንዱ ቤተሰቦች ሕግ ሴት ልጅ በጋራው የቤተሰብ ንብረት ከወንድሟ እኩል በመወለዷ ብቻ ባለድርሻ እንድትሆን የተደረገው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ነው። አባቷ ከዚያ በፊት ቢሞትም መብቱ እንደሚጸናላት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ወስኗል። ያም ሆኖ ብዙ እህቶች ከወንድም ላለመቀያየም ድርሻቸውን በፊርማ ይለቃሉ። ሕግ ሲሻሻል ይሉኝታ ቦታውን ይይዛል።

እኛ ዘንድም እንዲሁ ነው። በለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት «ትቼዋለሁ በይ» ስትባል አንገቷን ደፍታ እሺ ያለች እህት በደስታ ሰጠች አይባልም። በወዶታ ያልተሰጠ የሰው ገንዘብ ሐላል አይሆንም። መጀመሪያ ድርሻዋ ይነገራት፤ በእጇ ይግባ፤ ከዚያ ብትሰጥ ስጦታዋ ነው። መጠየቋም ወንድሞቿን መጥላት አይደለም።

አባቶች ሆይ! ወሲያ ለወራሽ አይሆንም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር። በሕይወት እያሉ ቤቱን በሂባ ለወንዶቹ ብቻ ማዞርም መፍትሔ አይደለም። የኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) አባት ለአንድ ልጃቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር እንዲሆኑ ቢጠይቁ እርሳቸው እምቢ ብለዋል። ዕዳችሁን፣ መህሩንና ንብረታችሁን ጻፉ።

እህቶች ሆይ! የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል። አትዘግዩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ከ3 ዓመት በኋላ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ዕድሜ ልክ የተከበረ ዝምታ መብትን ያሳጣል።

ወንድሞች ሆይ! የአባታችሁ ቤት የሚፈርሰው እህት ድርሻዋን ስትወስድ አይደለም፤ ተበድላ ስትወጣ ነው። ከእህት የተወሰደ ሱቅ በረካ አያመጣም። አላህ ሐቅን ከሚሰጡት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።