ፕሮግራሞችን ደጋግሞ መጫንና ማራገፍ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያስከትለው ውጤት

በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኙ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ «አርጅተዋል» ተብለው ከአገልግሎት እንዲወጡ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ጸሐፊው ሁኔታውን የመመልከት ዕድል አጋጥሞት ነበር። የተሰጠው ምክንያት ተማሪዎችና መምህራን ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ዘወትር ስለሚጭኑና ስለሚያራግፉ ዲስኮቹ አልቀዋል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳቱ በእርግጥ የት ላይ እንደሚደርስ ማስረዳት ነው።

1. በመሣሪያው ላይ

ኤስ ኤስ ዲ በመባል የሚታወቀው ዲስክ በተጻፈበት ቁጥር በጥቂቱ እየደከመ መሄዱ እውነት ነው። ሆኖም መጠኑን በቁጥር ማየት ይገባል። 4 ጊጋባይት የሆነ ፕሮግራም በየቀኑ ቢጫን፣ በዓመት የሚጻፈው 1.5 ቴራባይት ያህል ነው። አምራቹ እስከ 80 ቴራባይት ለሚደርስ ጽሕፈት ዋስትና የሰጠበት ዲስክ በዚህ ስሌት ከ50 ዓመት በላይ ያገለግላል። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ፋይሎች ተቆራርጠው ስለሚበታተኑ ንባቡ ይዘገያል፤ ነገር ግን መልሶ በማደራጀት የሚቃና ነው።

2. በአሠራሩ ላይ

ዋናው ችግር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም ሲጫን የራሱን ፋይሎች ከማስቀመጡም በላይ ሬጂስትሪ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ይመዘገባል፤ አንዳንዱም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አገልግሎት ይተክላል። ሲራገፍ ግን ሁሉም ላይወገድ ይችላል። በመዝገቡ ውስጥ የሚቀረው ትርፍራፊ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ «መዝገብ አጽጂ» የሚባሉ ፕሮግራሞችን መጠቀም አያሻም። ፍጥነትን የሚቀንሱት ሳይወገዱ የቀሩ አገልግሎቶች፣ በተለይም ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት አንቲቫይረሶች ናቸው። ከዚህም ሌላ ምንጩ ካልታወቀ ፍላሽ የሚጫን ፕሮግራም ቫይረስ ሊያስገባ ይችላል።

3. መፍትሔው

ሀ/ ለተማሪዎች ፕሮግራም መጫን የማያስችል የተወሰነ ፈቃድ ያለው መለያ መስጠት፤

ለ/ ለሥርዓተ ትምህርቱ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ከመንፈቀ ዓመቱ በፊት መርጦ አንድ ጊዜ መጫንና የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ፤

ሐ/ አዲስ ፕሮግራም በቅድሚያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መሞከር፤

መ/ ማራገፍ ሲያስፈልግ አቃፊውን ከመደምሰስ ይልቅ በዊንዶውስ የማራገፊያ ዝርዝር መጠቀም፣ ከዚያም ኮምፒዩተሩን ዘግቶ በመክፈት አብረው የሚነሡትን መመርመር።

ከላይ በተጠቀሰው ትምህርት ቤት ዊንዶውስ እንደገና በተጫነ ጊዜ ሊጣሉ ከነበሩት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ለክፍል ሥራ በቅተዋል። እንግዲህ የአዲስ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብ፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች «መሣሪያው አርጅቷል ወይስ ጓዙ በዝቶበታል?» ብለው አስቀድመው ቢጠይቁ፣ ለመጻሕፍትና ለቤተ ሙከራ የሚውል ገንዘብ ከብክነት ይድናል፤ ተማሪዎችም አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ሆነው ከመሻማት ይገላገላሉ።