ውሃ የሚጨርስ ሚኒባስ
ጋራዤ የሚመጣ የናፍጣ ሚኒባስ ሹፌር ብዙ ጊዜ «ውሃ ይጨርሳል» ይለኛል። መጀመሪያ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ ፓምፕ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት እሰጣለሁ። ጌጁ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ቱቦውን፣ የውሃ ፓምፑንና ራዲያተሩን እፈትሻለሁ። ውጭው ደረቅ ከሆነ የምጠረጥረው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ካከለ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው መስመር እየገባ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ከነጣ ሞተሩን አታስነሱ። የጋለ ራዲያተር ክዳንም ፈጽሞ አትክፈቱ።