ከደም ምርመራው ቀጥሎ የሚመጡ 23 ጥያቄዎች

ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለበት አፍላ ወጣት ሕክምናው እንደሠራለት የሚታወቀው በቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ብዙ ልጆች ለዚህ ዕድሜ በቅተዋል፤ ትልቅ ስኬት ነው። ሆኖም የላቦራቶሪው ውጤት ልጁ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ፣ እኩዮቹ ያቀርቡት እንደሆነ ወይም ስለ ነገው ይጨነቅ እንደሆነ አይናገርም። ይህን ማወቅ የሚቻለው ራሱን በመጠየቅ ነው፤ ለመጠየቅም የተፈተነ መሣሪያ አለ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ ቫርኒ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ፔድስኪውኤል የተባለው መጠይቅ 23 ጥያቄዎች አሉት፦ 8 ስለ አካል፣ አምስት አምስት ደግሞ ስለ ስሜት፣ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ስለ ትምህርት። ልጁ ባለፈው አንድ ወር እያንዳንዱ ችግር ምን ያህል እንዳጋጠመው ከአምስት አማራጮች አንዱን ይመርጣል፤ ፈጽሞ ካላጋጠመው 100፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ካጋጠመው 0 ይሰጠዋል። ከትምህርት ጥያቄዎቹ አንዱ በሕመም፣ ሌላው ሐኪም ቤት ለመሄድ ሲባል ከትምህርት ስለ መቅረት ነው። በዚህኛው 0፣ በቀሩት አራቱ 100 ያገኘች ተማሪ ብትኖር አማካይ ውጤቷ 80 ይሆናል፤ ደህና ቁጥር ይመስላል። መልሶቿን አንድ በአንድ ያነበበ ነርስ ግን ከክፍል የሚያስቀራት ሕመም ሳይሆን የክሊኒኩ ቀጠሮ መሆኑን ያያል። ቀጠሮውን ወደ ቅዳሜ ማዞር ወይም የተረጋጋች ታካሚ ከሆነች የብዙ ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ይቻላል። አማካዩን ብቻ መዝግቦ ማለፍ ልጅቷ የነገረችንን አለመስማት ነው።

እንዲህ ያለ መልስ እንደ ዕለቱ ስሜት ይለዋወጣል የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ስለዚህም አንዴ ጠይቆ መተው ሳይሆን በየጊዜው ደግሞ ማወዳደር ያስፈልጋል። አሳዳጊው ቢጠየቅ ይሻላል ለሚሉት ደግሞ፣ ለወላጅ የተዘጋጀ ቅጽም አለ፤ ነገር ግን የወላጅና የልጅ መልስ በዓይን በሚታየው የአካል ሁኔታ ሲቀራረብ በውስጥ ስሜት ላይ ብዙ ጊዜ ይራራቃል። አያት ወይም አክስት ዘንድ የሚያድግ ልጅ እንዳያስጨንቃቸው ብሎ የሚደብቀው ነገር በእነሱ ቅጽ ላይ ሊገኝ አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ መጠይቁ ስለ ኤችአይቪ ምንም አያነሳም የሚለው ነው። ይህ በአንድ በኩል ጥቅም አለው፤ ቫይረሱ እንዳለበት ገና ያልተነገረውን ልጅ ምሥጢሩን ሳያወጡበት መጠየቅ ያስችላል። በሌላ በኩል መገለልንና በየቀኑ መድኃኒት መዋጥን ሳይነካ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ያዘጋጀው ባለ 31 ጥያቄ መመዘኛ ስለ መወቀስና ሞትን ስለ መፍራት ይጠይቃል፤ የተሠራው ግን ለአዋቂዎች ነው። ስለዚህ ቫይረሱ እንዳለባቸው ለሚያውቁ ልጆች፣ ከራሳቸው ጋር ተመክሮበት የተዘጋጁ ጥቂት ጥያቄዎች በአጠቃላዩ መጠይቅ ላይ ቢጨመሩ ይሻላል እላለሁ። ክሊኒኩ ይጨናነቃል የሚለው ስጋት ያን ያህል አያሳስብም፤ 23ቱን ለመመለስ አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ወረፋ እየተጠበቀም ሊሞላ ይችላል፣ አሳዳጊው ከጎን ተቀምጦ እስካላነበበ ድረስ።