ከካንሰር ሕክምና በኋላ የክትትል ምርመራ ውጤት ስለምን ያስጠብቃል?

በትምህርት ቤታችን የሚያስተምር አንድ ባልደረባችን የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ታክሞ ወደ ሥራው ከተመለሰ አንድ ዓመት ሆኖታል። በቅርቡ ለክትትል ሲቲ ስካን ተነሥቶ ውጤቱን ስምንት ቀን ጠበቀ። በእነዚያ ቀናት ከክፍል አልቀረም፤ ነገር ግን የተማሪዎችን ወረቀት ሲያርም አንዱን መልስ ሦስት ጊዜ እያነበበ ነጥብ መስጠት ያቅተው ነበር። እኛም «አይዞህ፣ ምንም አይገኝብህም» እያልን የረዳነው መስሎን ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን «እናንተ በምን ዐወቃችሁ?» ሲል ጠየቀን። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ያ ጥያቄ ነው።

ደጋግሞ መመርመር ለምን አስፈለገ?

ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዐት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ በሽታ መሆኑን በሥነ ሕይወት ትምህርት እናስተምራለን። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን እብጠት ያወጣል፤ መድኃኒቱም የተረፈውን እንዲያጠፋ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጥቂት ሕዋሳት ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ።

ነገሩን በሂሳብ እንመልከተው። አንድ ሕዋስ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እየተከፈሉ 20 ጊዜ በእጥፍ ቢጨምሩ 1,048,576 ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ሕዋስ ቢሰበሰብ በግምት አንዲት የጤፍ ቅንጣት ቢያህል ነው፤ ሲቲ ስካንም ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ ማሳየት ይቸግረዋል። 30 ጊዜ በእጥፍ ከጨመሩ ግን ቁጥራቸው ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል፤ እብጠቱም አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በምስሉ ላይ ይታያል።

ስለዚህ አንድ ንጹሕ ምስል የሚናገረው ዛሬ የሚታይ ነገር አለመኖሩን ብቻ ነው። ምርመራው በየጊዜው የሚደገመውም ስለዚሁ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ስለሚመለስ፣ ክትትሉ በእነዚህ ዓመታት ጠበቅ ብሎ በጠቅላላው እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ብቻ ተመልሶ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ዳግመኛ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችልበት ጊዜ አለ። የክትትሉ ዋና ጥቅም ይህ ነው።

መሣሪያው ከየት መጣ?

ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 የደረሰበት ራጅ የአካላችንን ክፍሎች ጥላ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ያሳያል። የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ የሆነው አለን ኮርማክ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምር ይህን መደራረብ በሂሳብ ለመለየት ጥናት ጀመረ፤ የደረሰበትንም በ1963 እና በ1964 አሳተመ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ በበኩሉ መሣሪያውን ሠራ። በ1971 ሎንዶን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በዚሁ መሣሪያ ተነሣች። ሁለቱ ሰዎች በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሃውንስፊልድ በቤተ ሙከራ ሳለ አንድ ምስል ለማንሣት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበት ነበር። ዛሬ ደረትና ሆድ በሰከንዶች ይነሣል። ታዲያ ውጤቱ ስለምን ቀናት ይወስዳል?

የሚዘገየው ምንድን ነው?

ጊዜ የሚወስደው ንባቡ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይወጣሉ። የራጅ ሐኪሙ እነዚህን ከቀድሞዎቹ ጋር እያስተያየ ይመረምራል። አንዲት ነጥብ ለብቻዋ ብዙ አትናገርም፤ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ወይም የዳነ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ባለፈው ዓመትም ዘንድሮም 6 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብና ከ6 ወደ 10 ያደገች ነጥብ ትርጉማቸው የተለያየ ነው። ስለሆነም ሕመምተኛው የቀድሞ ፊልሞቹንና ሲዲዎቹን ጠብቆ ማቆየትና ይዞ መቅረብ ይገባዋል። ከዚህ በኋላ ዋናው ሐኪም ንባቡን ከደም ምርመራው ጋር አገናዝቦ ይወስናል። በዚህ ላይ የራጅ ሐኪሞች ጥቂት በሆኑበት አገር ወረፋው ረዥም ነው።

«የዘገየው ክፉ ነገር ቢያዩ ነው» ማለት እንግዲህ መሠረት የለውም። «ክፉ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይጠሩህ ነበር» ማለትም እንዲሁ ነው። መልሱም ሁልጊዜ «አለ» ወይም «የለም» አይሆንም። «አሁን መለየት አይቻልም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» የሚል ሦስተኛ መልስ አለ፤ ለብዙዎች ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሕመምተኛው ከመነሣቱ በፊት ውጤቱን መቼ፣ ከማንና በምን መንገድ እንደሚሰማ ቢጠይቅ ጭንቀቱ ይቀንስለታል። ለውጤቱ ሲሄድም አንድ ሰው ቢከተለውና የተባለውን ቢጽፍለት መልካም ነው፤ የደነገጠ ሰው ከሰማው ብዙውን ይረሳልና። እኛ ባልደረቦች የማናውቀውን መተንበይ ትተን «ማውራት ትፈልጋለህ?» ብንል፣ የቀጠሮው ዕለትም ክፍለ ጊዜውን ብንሸፍንለት ይሻላል። ተማሪዎችም የሰሙትን በየመንደሩ ከማውራት ይቆጠቡ።

መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣው ልጅ እናቱ ወይም አባቱ ውጤት የሚጠብቁ ሊሆን ይችላል። ከመቅጣት በፊት ለብቻው ጠርቶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ባልደረባችን በስምንተኛው ቀን ያገኘው መልስ ሦስተኛው ዓይነት ነበር፦ በሳንባው ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ስለታየች ከሦስት ወር በኋላ ይደገም የሚል። ይህን ሲነግረን «ምንም አይደለም» ያለ አልነበረም። የሂሳብ መምህራችን የቀጠሮውን ቀን ጠይቆ ከሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ሦስት ሰዎችም የዚያን ዕለት ክፍለ ጊዜዎቹን ተካፈልን።