ጣሊያናዊቷ የብዙ ድምፆች ባለቤት አና ማርኬዚኒ

የውጭ ሀገር ፊልም በራሳችን ቋንቋ ሲቀርብ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ከምናየው ተዋናይ ጀርባ ሌላ ባለሙያ መኖሩን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ፊቱ የማይታየው የድምፅ ተዋናይ ትንፋሹን፣ ሳቁንና ለቅሶውን ለገጸ ባሕርዩ ያውሰዋል። ጣሊያን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የውጭ ፊልሞችን በዚህ መንገድ ስታሳይ ኖራለች። በዚህ ሙያም ሆነ በቀልድ ትወና ስማቸው ከሚነሣ የሀገሪቱ ሴቶች አንዷ አና ማርኬዚኒ ናት።

አና እ.አ.አ. በ1953 በመካከለኛው ጣሊያን፣ በአለት አምባ ላይ በተቆረቆረችው የኦርቪዬቶ ከተማ ተወለደች። በሥነ ልቦና ትምህርት በዲግሪ ከተመረቀች በኋላ ሮም በሚገኘው ብሔራዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ትወናን አጠናች።

በ1982 ከማሲሞ ሎፔዝና ከቱሊዮ ሶሌንጊ ጋር «ኢል ትሪዮ» ማለትም «ሦስቱ» የተሰኘውን የቀልድ ቡድን መሠረተች። ቡድኑ ሥራውን የጀመረው በራዲዮ ነው። በራዲዮ ቀልድ ልብስና የፊት ገጽታ አያግዙም፤ አድማጩ ገጸ ባሕርያቱን የሚለየው በድምፅ ብቻ ነው። አናም ድምፅዋን እንደ ገጸ ባሕርዩ ዕድሜ፣ ኑሮና አመል መለዋወጥን ተካነችበት።

ቡድኑ ወደ ቴሌቪዥን ከተሻገረ በኋላ በ1990 የአሌሳንድሮ ማንዞኒን «እጮኛሞቹ» የተሰኘ ዝነኛ ልብ ወለድ በቀልድ መልክ አቀረበ። መጽሐፉ ሠርጋቸው በአካባቢው ባላባት የተከለከለባቸውን ሁለት የገጠር ወጣቶች ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ ጣሊያናውያን በትምህርት ቤት የሚያነቡት ነው። አና ሙሽሪት ሉቺያን ጨምሮ በርካታ ገጸ ባሕርያትን ብቻዋን ተጫውታለች። ሦስቱ ተዋንያን በ1990ዎቹ አጋማሽ ተለያይተው በየፊናቸው መሥራት ቀጠሉ።

የድምፅ ሥራዋ ይበልጥ የታወቀው በ2000 በወጣው፣ በጣሊያንኛ «የንጉሠ ነገሥቱ እብደቶች» በተባለው የዲዝኒ የካርቱን ፊልም ነው። ታሪኩ ትዕቢተኛ ንጉሥ የአንድን ገበሬ ቤት አፍርሶ በኮረብታው ላይ የመዝናኛ ቤተ መንግሥት ለመሥራት ሲያስብ ይጀምራል። አና የተጫወተችው ንጉሡን ለመግደል የምታሤረውን አሮጊት፣ ኢዝማን ነው። የድምፅ ተዋናይ ቃሉን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማስማማት፣ ሳቁም በሥዕሉ ልክ እንዲጀምርና እንዲያበቃ ማድረግ አለበት። የኢዝማን ቁጣና ማባበል በአንድ ትንፋሽ ማፈራረቅ ደግሞ ከዚህም በላይ ብርቱ ጥበብ ይጠይቃል።

በኋላ ግን አናን ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛት። በዚህ ሕመም የሰውነት የመከላከል ኃይል የራሱን መገጣጠሚያዎች ስለሚያጠቃ እጅና እግርን እያዛባ እንቅስቃሴን ይገድባል። ሰውነቷ ቢከዳትም ሥራዋን አልተወችም፤ በተማረችበት አካዳሚ ወጣት ተዋንያንን አስተማረች፣ በ2011ም የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ሌሎች መጻሕፍት አስከትላለች።

አና ማርኬዚኒ ሐምሌ 2016 በተወለደች በ62 ዓመቷ በትውልድ ከተማዋ ኦርቪዬቶ ዐረፈች። የጣሊያን ሕፃናት ግን ዛሬም ያንን ፊልም በቋንቋቸው ሲያዩ ከኢዝማ አፍ የሚሰሙት የእርሷን ድምፅ ነው።