«ሞገድ» ወይስ «ሰደድ»? የወረርሽኝ ግስጋሴ የሒሳብ ሞዴልና የአማርኛ ስያሜው፦ የሐጅ ዩሱፍ ኮሌራ እንደ ማሳያ

በሥነ ሕይወት ሒሳብ «ሞገድ» የሚባለው ነገር ከባሕር ሞገድ ጋር የሚጋራው ከስሙ ብዙም አያልፍም። ኩሬ ላይ የተጣለ ድንጋይ የሚያስነሣው ሞገድ ከመነሻው ባገኘው ጉልበት ይጓዝና ይደክማል። በነርቭ የሚሮጠው መልእክትና ከሰፈር ሰፈር የሚዛመተው ወረርሽኝ ግን በደረሱበት ሁሉ እንደ አዲስ ይለኮሳሉ። በአማርኛ ለዚህ የቀረበው ስም «ሰደድ» ነው፤ ሰደድ እሳት የሚጓዘው ፊቱ ያለውን ደረቅ ሣር እየበላ ነውና።

የዚህን ግስጋሴ ቀመር በ1937 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ፊሸር ለዘረ መል ስርጭት፣ በዚያው ዓመትም ኮልሞጎሮቭ፣ ፔትሮቭስኪና ፒስኩኖቭ በሞስኮ አቀረቡ። የግንባሩ ፍጥነት የመራባት መጠንና የስርጭት መጠን ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ዳግም ዘር እጥፍ ነው። ለምሳሌ ያህል የመራባቱ መጠን በቀን 0.09፣ ስርጭቱ በቀን 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ግንባሩ በቀን 0.6 ኪሎ ሜትር ይገፋል። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ መራባቱን ወደ ሩብ ማውረድ ያስፈልጋል። መራባቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ግን ግንባሩ ጨርሶ ይቆማል።

ቀመሩ ሰው ሁሉ በአቅራቢያው ብቻ እንደሚንቀሳቀስ ይገምታል። ከካርቱም ባሕሪ በስተ ምሥራቅ፣ በሸርቅ አንኒል ለምትገኘው ሐጅ ዩሱፍ ይህ ግምት አይበቃም። በ2025 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር የድሮን ጥቃት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን መትቶ የውኃ አቅርቦት ሲታወክ፣ ኮሌራ በካርቱም ተባብሶ ነበር። ቧንቧ ሲደርቅ ውኃ በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ አንድ የተበከለ በርሜል ደግሞ በአንድ ጠዋት ከቀመሩ ግንባር ርቆ ይደርሳል። ጦርነት የሚያፈናቅለው ሰውም እንዲሁ በአንድ ጉዞ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ግንባሩ ወጥ መስመር መሆኑ ይቀራል፤ ነፋስ እንደሚያሻግረው ፍንጣሪ ከፊቱ አዳዲስ ቦታዎችን ይለኩሳል። «ሰደድ» የሚለው ቃል ይህንንም ይሸከማል፣ «ሞገድ» አይሸከምም።

የአማርኛ ጋዜጦች በኮሮና ዘመን የለመዱት «ሁለተኛው ማዕበል» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ በጊዜ ውስጥ የሕሙማን ቁጥር መውጣትና መውረድ እንጂ በቦታ ላይ የሚደረግ ጉዞ አይደለም። ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚተው አይደለም። በካርቱም የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «ማዕበል መጣ» ሲባል እስኪያልፍ መጠለልን ያስባል። «ሰደድ» ሲባል ግን እሳቱ ሳይደርስ ሣሩን መመንጠር የታወቀ ነው፤ በኮሌራ ረገድ ይህ ማለት በሽታው ገና ያልታየበት ሰፈር በርሜል ውስጥ አስቀድሞ ክሎሪን መጨመር ነው።