ሞተሪኖው እየዞረ መኪናዋ አልነሣ ስትል

ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ነበር። አንዲት የአዲስ አበባ እናት የአምስት ዓመት ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ አሮጌዋ ኮሮላዋ ወሰደችው። ልጁ ትኩሳት በርትቶበታል፤ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝታው ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ደገመች፤ ሠለሰች፤ ያው ነው።

ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዱ «ቤንዚን ስጫት» ሲል ሌላው «ተይ፣ እንዳትሰጫት» ይላል። ሦስተኛው «እስቲ ውረጂልኝ፣ እኔ ልሞክራት» ብሎ ከመሪው ላይ አስነሣት። እንዲህ እየተፈራረቁ ቁልፉን ሲያዞሩ ቆይተው በመጨረሻ ባትሪው ደከመና መኪናዋ ጭራሹን ድምፅዋን አጠፋች። ልጁ በታክሲ ሆስፒታል ደርሶ ቢሻለውም፣ እናቲቱ ያን ሌሊት በከንቱ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ አትረሳውም።

በማግሥቱ የመጣው መካኒክ «ባትሪው ሞቷል» አለ፤ አዲስ ባትሪም ተገዛ። ሞተሪኖው ከበፊቱ ይበልጥ በኃይል ዞረ፤ ሞተሩ ግን አሁንም አልተነሣም። «እንግዲያው ሞተሪኖው ይቀየር» ተባለ። በዚህ መካከል ጡረታ የወጡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ትናንት መኪናሽን ምን አድርገሻት ነበር?» ሲሉ ጠየቋት።

«ኧረ ምንም አባባ፤ አሳጥቤያት ብቻ ነው» አለች።

«ሞተሯንም ጭምር?»

«አዎን፣ ሞተሯንም።»

አዛውንቱ ኮፈኑን አስከፍተው ለእያንዳንዱ ካንዴላ እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ፈቱ። ውስጡ በውሃ ጤዛ ተሸፍኖ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ወልውለው መልሰው ገጠሙት። መኪናዋም ወዲያው ተነሣች።

ውድ አንባቢያችን፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ ይህች እናት አንድ ቁራጭ ጨርቅ ለሚያቃልለው ችግር የባትሪ ዋጋ ከፍላለች፤ የሞተሪኖም ልትጨምርበት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ዛሬ በከተማችን መሪ ጨብጠው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ ሥራቸውን የሚያከናውኑ እኅቶች ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸውም፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን የምንፈልጋቸው ናቸው። በመሆኑም የመኪናን ሕመም ለይቶ ለመናገር የሚያበቃ ዕውቀት ለማንኛዋም ባለቤት ያስፈልጋታል።

የቤንዚን ሞተር ነገር ከምድጃ ብዙ አይርቅም። ምድጃ ማገዶ፣ አየርና ክብሪት ይፈልጋል። ሞተርም እንደዚሁ ቤንዚን፣ አየርና የካንዴላ እሳት ይፈልጋል፤ አየሩና ቤንዚኑ በፒስተኑ ተጨምቆ እሳቱ በትክክለኛው ጊዜ ሊደርስለት ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ሞተሪኖው በደንብ መዞሩ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ባትሪውና ሞተሪኖው ጤነኞች መሆናቸውን ይነግረናል። ስለዚህ እየዞረች ለማትነሣ መኪና «ሞተሪኖ ቀይሪ» የሚልዎ ቢኖር ምክንያቱን ይጠይቁት።

እንግዲህ ችግሩ ሲያጋጥምዎ አስቀድመው ማርሹን ነጻ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ከዚያም ጆሮዎን፣ ዓይንዎንና አፍንጫዎን በየተራ ይጠቀሙ።

በመጀመሪያ ድምፁን ያዳምጡ። «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እየጎተተ በዝግታ ከዞረ ባትሪውን ይጠርጥሩ። እንደ ወትሮው ከዞረ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ግን ቁልፉን ወዲያው ይተዉት፤ የሞተሩ የውስጥ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሞተር እንዲህ ሆኖ ማዞር ፒስተኑን ከቫልቭ ጋር አጋጭቶ ከባድ ወጪ ያስከትላል።

ሁለተኛ፣ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የቁልፍ ሥዕል ያለው መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም ማለት ነው፤ በትርፍ ቁልፍ ይሞክሩ። የቤንዚን መለኪያውንም ፈጽመው አይመኑት። ቀስቱ ተጣብቆ ሩብ እያሳየ ጋኑ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከተጠራጠሩ ጥቂት ሊትር ጨምረው ያረጋግጡ። ቤንዚን ከጋን በአፍ ስቦ ማውጣት ግን ሳንባን የሚጎዳ አደገኛ ነገር ነውና ማንም እንዲያደርገው አይፍቀዱ።

ሦስተኛ፣ በፀጥታ ያድምጡ። ካርቡራተር በሌላቸው በብዙዎቹ መኪናዎች ሞተሪኖውን ሳያስነሡ ቁልፉን እስከ መብራቱ ብቻ ሲያዞሩ ከኋላ ወንበር በኩል ለሁለት ሴኮንድ ያህል የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ የነዳጁ ፓምፕ ነው። ዘወትር የሚሰሙት ይህ ድምፅ ከጠፋ የፓምፑን ፊውዝ ያሳዩ። የፊውዝ ዋጋ ከፓምፑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አራተኛ፣ ያሽትቱ። ጠንካራ የቤንዚን ሽታ ካለ ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላዎቹ ረጥበዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ በደንብ ያልተስተካከለ ካርቡራተር ያላት መኪና እዚህ በቀላሉ ቤንዚን ይበዛባታል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ አሳርፈው፣ የነዳጅ መስጫውን ሳያንቀሳቅሱ እስከ ታች ረግጠው ይዘው ለጥቂት ሴኮንድ ያዙሩ፤ አየር ገብቶ ያደርቀዋል። ብዙ ዞራም ምንም ሽታ ከሌላት ቤንዚኑ ሞተሩ ዘንድ እየደረሰ አይደለም።

አምስተኛ፣ ርጥበትን ያስቡ። መኪናዋ በቅርቡ ታጥባ ወይም ዝናብ ሲወርድባት አድሮ ከሆነ፣ ቁልፉን አውጥተው ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን ወፋፍራም ሽቦዎችና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በደረቅ ጨርቅ ያደራርቁ። በአዲሶቹ መኪናዎች ዲስትሪቢዩተር ባይኖርም ውሃ በካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። እሳት መኖሩን ለማየት ሽቦውን በእጅ ይዞ ማስዞር ግን አይሞከርም፤ በዚያ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ ሲጋራም ሆነ ሻማ አይቅረብ።

በየሙከራው ቁልፉን ከአሥር ሴኮንድ በላይ አይያዙት፤ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት። አለበለዚያ ሞተሪኖው ይግላል፤ ጤነኛው ባትሪም ይሞታል፤ አንዱ በሽታ ሁለት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሣች ተራው የመካኒኩ ነው። ከመምጣቱ በፊት በቁራጭ ወረቀት ይጻፉለት፦ መቼ እንደጀመራት፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገላት፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማች፣ ቤንዚን መሽተት አለመሽተቷን፣ የትኛው መብራት እንደበራ። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ተቀብለው ይዩት። ይህን ስታደርግ የምትታይ ባለቤት በቀላሉ አትታለልም፤ ጥሩው መካኒክም ሥራው ስለሚቀልለት ይደሰትባታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስቡ። መኪናዋ ውስጥ ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ካለች የመፈተሻ ጊዜ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሞክረው እንቢ ካለችዎ ትተዋት ታክሲ ይጥሩ፤ ጎረቤት ይቀስቅሱ፤ ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። መኪና እስኪነጋ ይጠብቃል፤ የሕፃን ትንፋሽ አይጠብቅም።

ያቺ እናት ዛሬ በመኪናዋ ኪስ ሁለት ነገር ይዛ ትሄዳለች፤ አንድ ደረቅ ጨርቅና የስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት። ሞተሯን ስታሳጥብም የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በላስቲክ ታስሸፍናለች። «እስቲ ውረጂልኝ፣ እኔ ልሞክራት» የሚላት ሲመጣም፣ «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናዳምጣት» ትለዋለች።